ቦርጭ፣ ቱታና ጎረቤት፦ «ጂም ራስ ወዳድ አደረገን» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ጭብጡ ባጭሩ፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ ከኮዬ ፈጬ እስከ ሱሉልታ፣ ከጀሞ እስከ ለገጣፎ ያለው ወጣት ማንነቱን ጂም ውስጥ መፈለግ ጀምሯል፤ ይህም ከምዕራቡ ዓለም የተቀዳ ራስን የማምለክ ባህል ነው የሚል ነው። ጸሐፊው ስድስት ነጥብ ያነሣሉ። ነገሩ ኩረጃና የውጭ ዕቃ ገበያ ነው፤ የፊልም ሰዎች ቅጥነት መስፈርት ሆኖብናል፤ ጉርብትና ፈርሷል፤ ሥራ የሚሠራ ሰው ስፖርት አያስፈልገውም፣ ቢያስፈልገውም በቀን 10,000 እርምጃ ይበቃዋል፤ ጡንቻና ጾም ስለማይስማሙ ወጣቱ ጾሙን እየተወ ነው፤ በመጨረሻም ፎቶው ሁሉ ውሸት ነው። መፍትሔ ብለው ያቀረቡት ደግሞ በኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ የተከፈቱ ጂሞች ተዘግተው ወደ ሱቅነት እንዲመለሱ ነው።

ጽሑፉ የተደገፈው በአንቶኒ ጊደንስ ሐሳብ ላይ ነው። እንግሊዛዊው የሶሺዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው ሥራ፣ በዛሬው ዓለም ሰው ማንነቱን ከአባቱ ወርሶ እንደማይኖር፣ በየዕለቱ እየመረጠና እየከለሰ እንደሚገነባው፣ ገላውም የዚሁ ግንባታ አንድ ክፍል እንደሆነ ያስረዳል። ሐሳቡ ጠቃሚ ነው። ችግሩ ጸሐፊው ሐሳቡን ይዘው ሲመጡ የቆመበትን መሬት እዚያው ትተውት መምጣታቸው ነው። ጊደንስ ስለ ምርጫ ሲጽፍ በእጁ ሰዓት፣ ቦታና ገንዘብ ያለውን ሰው እያሰበ ነው። ቱሉ ዲምቱ የሚኖር፣ ሥራው ሜክሲኮ አካባቢ የሆነ፣ ሳይነጋ ወጥቶ የአውቶቡስ ሰልፍ የሚይዝ፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ የሚገባ ሰው ከመምረጡ በፊት ብዙ ነገር ተመርጦለታል። ይህ ሰው በሳምንት ሦስት ቀን ስፖርት መሥራት ከቻለ፣ መጠየቅ ያለበት «ለምን ራሱን ወደደ» ሳይሆን «ከማን ጋር ተባብሮ ቻለ» የሚለው ነው። የምላሻችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ ወደ ነጥቦቹ እንሂድ።

ኩረጃ ነው ስለተባለው

በዚህ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። አበበ ቢቂላን ያሠለጠነው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነበር። አበበ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲገባ ግን ድሉን የስዊድን ነው ያለ አልነበረም። አንድ ነገር ከየት መጣ ማለት ሌላ፣ እዚህ ምን ሆነ ማለት ሌላ ነው።

«የውጭ ዕቃ ገበያ» የሚለው ግን በቅርብ መታየት አለበት። ጸሐፊው የቦሌን ጂም አይተው ከሆነ እውነት ነው። በዳርቻው ያለው ጂም ግን ብዙ ጊዜ ባለ አንድ ክፍል ሱቅ ነው። አንድ ሁለት የተገዛ ዳምቤል ይኖረዋል፤ የቀረው ብየዳ ቤት የተሠራ አግዳሚና በብረት ቧንቧ ሁለት ጫፍ ላይ የተተከለ በሲሚንቶ የተሞላ ጣሳ ነው። አሠራሩም ዕውቀት ይፈልጋል። 4 ሊትር የሚይዝ የቀለም ጣሳ በኮንክሪት ሲሞላ 9 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል፤ 10 ሊትር የሚይዘው ባልዲ 24 ኪሎ ይሆናል። ድብልቁ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ደቃቅ ጠጠር ነው። የቧንቧው ጫፍ ጣሳው ውስጥ ከመግባቱ በፊት የ10 ሚሊ ሜትር ፌሮ ቁራጭ በመስቀል መልክ ይበየድበታል፤ ይህ ካልተደረገ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጣሳው በቧንቧው ላይ መዞር ይጀምራል። አንደኛው ጎን ተሞልቶ በቱንቢ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ቢያንስ ለ7 ቀን ውኃ እየጠጣ ይደርቃል፣ ከዚያ ሁለተኛው ይሞላል።

የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው ድብልቅ ውኃ ከበዛበት ወይም ጠጠሩ ካነሰ ሁለቱ ጎን በኪሎ ይለያያሉ፤ በዓይን አይታወቅም፣ ትከሻ ግን ያውቀዋል። ስለዚህ ከመሞላቱ በፊት ድብልቁ በእህል ሚዛን ይመዘናል። ሌላው ጉድለት ጣሳው ከቧንቧው ጋር የተጣበቀ መሆኑ ነው፤ እንደ ፋብሪካው ባርቤል ጫፉ ለብቻው ስለማይዞር፣ ክብደቱን ከመሬት ነጥቆ ትከሻ ላይ ማሳረፍ የእጅ አንጓን ይጠመዝዛል። እንዲህ ያለው ብረት ለቤንች (ተጋድሞ ወደ ላይ ለመግፋት)፣ ለስኳት (ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ ለመነሣት) እና ከመሬት ቀጥ አድርጎ ለማንሣት ብቻ ነው የሚያገለግለው። ይህን የሚያውቅ አሠልጣኝና ይህን የሚሠራ በያጅ ባሉበት ሰፈር «የውጭ ዕቃ አምልኮ» ማለት አይገጥምም።

ቅጥነት ነግሧል ስለተባለው

ይህ ነጥብ ከሁሉም በላይ ከእውነታው የራቀው ነው። በዳርቻው ሰፈሮች አንድ የገላ መስፈርት የለም፤ ሁለት አሉ፣ እነሱም ይጋጫሉ። ሐኪሙና አሠልጣኙ «ቦርጭ ቀንስ» ይላሉ። አክስት ደግሞ ለበዓል ቤት የመጣውን ሰው ከፍ ዝቅ አድርጋ አይታ «ምነው ከሳህ? አሞህ ነበር እንዴ?» ትላለች። የወፈረውን «ተመችቶሃል» ትለዋለች፤ ይህ ምስጋና ነው፣ ለሚስቱም ጭምር። የወለደች ሴት ገንፎና አጥሚት ጠጥታ ሞላ ብላ ስትወጣ ቤቱ እንዳረሳት ይቆጠራል፤ ኮስሳ ብትወጣ የሚታማው ባሏና እናቷ ናቸው። ኤች አይ ቪ ብዙ ሰው በቀጠፈበት ዘመን ደግሞ ክሳት በጎረቤት ዓይን ምን ማለት እንደነበር የዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ያ ዓይን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም።

ከዚህ የሚከተለውን ጸሐፊው አላዩትም። በእነዚህ ጂሞች አዲስ የገባ ወንድ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ደረትና ትከሻ ነው። ሩጫና የእግር ሥራ ይሸሻል። አሠልጣኞች ስንፍና ነው ይላሉ፤ ብዙውን ጊዜ ግን ስሌት ነው። ከትከሻው ሳይሰፋ ከወገቡ የቀነሰ ሰው ሰፈር ውስጥ የሚነበበው እንደ በሽተኛ ነው፤ ትከሻው ቀድሞ ከሰፋ ግን የወገቡ መቀነስ «ስፖርት ይሠራል» ተብሎ ይተረጎምለታል። ስለዚህ ደህና አሠልጣኝ በመጀመሪያዎቹ 6 እና 8 ሳምንታት ገበታ ማስቀነስ ላይ አይቸኩልም፤ ክብደቱ ባለበት ሆኖ ጀርባ፣ ትከሻና እግር ያሠራዋል። ከዚያ በወር ከ2 ኪሎ ሳይበልጥ ይወርዳል። በአንድ ወር 6 ኪሎ የጣለ ሰው የሚመልሰው ረሃብ ብቻ አይደለም፤ በየበሩ የሚጠብቀው «አሞህ ነው?» ጭምር ነው።

ቅጥነት ያለ ማብራሪያ የሚፈቀደው ለሯጭ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ቱታ ያስፈልገዋል። የመከላከያ፣ የፌዴራል ፖሊስ ወይም የንግድ ባንክ ክለብ ቱታ የለበሰ ቀጭን ልጅ ሰንዳፋ ላይ ገና ሳይነጋ ሲሮጥ ጥበቃው ፋኖሱን አያበራበትም፣ የሚያውቁትም የሰፈሩ ውሾች ሳይቀሩ ዝም ይሉታል ይባላል። ያው ልጅ በጂንስ ቢሮጥ ከምን እየሸሸ ነው ይባላል። ክለብ የሌላቸው ጀማሪዎች አሮጌ የክለብ ቱታ ከሌላ ሯጭ ለማግኘት የሚጥሩት ለሙቀቱ ብቻ እንዳልሆነ ለዚህ ነው።

ጉርብትና ፈርሷል ስለተባለው

ጸሐፊው በዕድርና በቡና የተሳሰረ ሰፈር ነበረ፣ ጂም መጥቶ በታተነው ብለው ይነሣሉ። ኮዬ ፈጬ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ ግን እንዲህ ያለ የድሮ ሰፈር አልነበሩም። ኮንዶሚኒየም የሚደርሰው በዕጣ ነው። ከአራት ኪሎ የተነሣው፣ ከመርካቶ የመጣው፣ የተከራየው፣ ማን እንደሆነ የማይታወቀው በአንድ ደረጃ ይወጣሉ። ዕድሩም ዕቁቡም እዚያ እንደ አዲስ መመሥረት ነበረበት። የጠዋት ስፖርት ቡድኑም ከእነዚህ አዲስ ማኅበራት አንዱ ነው፤ ስፖርት ጉርብትናን አፈረሰ ሳይሆን ጉርብትና ባልነበረበት ጀመረው ማለት ይቀርባል።

አወቃቀሩን እንይ። በሁለት ብሎክ መካከል ባለው የመኪና ማቆሚያ ላይ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት፣ ከ20 እስከ 30 ሰው ይሰበሰባል፤ አብዛኛው ሴት ነው። አሠልጣኝ ይቀጠራል፣ መዋጮ በወር ይሰበሰባል፣ ገንዘብ ያዥ ትመረጣለች። ሁለት ቀን በተከታታይ የቀረ ይደወልለታል፤ በዚህ ጥሪ ነው መታመሙ፣ ሐዘን ላይ መሆኑ፣ ወይም መዋጮ አጥሮት ማፈሩ የሚታወቀው። ብቻዋን በጨለማ የማትወጣ ሴት ከአምስት ጎረቤት ጋር ትወጣለች። «ስፖርት የምትሠራዋ» የሚለው መጠሪያ የሚመጣውም ከዚህ ነው፤ ስሙን የሚሰጠው ጎረቤት ነው፣ ስሙን ማቆየት ደግሞ በጎረቤት ፊት በሰዓቱ መገኘት ነው።

እነዚህ ቡድኖች የሚፈርሱበት ምክንያትም የሚታወቅ ነው፤ ራስ ወዳድነት ግን ከምክንያቶቹ ውስጥ የለም። መጀመሪያ የሚመታቸው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ዝናብና ጭቃ። ቀጥሎ መስከረም፤ የትምህርት ቤት ክፍያ መዋጮውን ይበላዋል፣ አሠልጣኙም ሳይከፈለው ይሄዳል። ክረምቱን የሚሻገሩት ከግንቦት በፊት የሦስት ወር መዋጮ በቅድሚያ የሚሰበስቡትና ኮሚናሉን (የነዋሪውን የጋራ መገልገያ ቤት) ከማኅበሩ የሚያስፈቅዱት ናቸው። በኮሚናል የሚሠራ ቡድን ሌላ ጣጣ አለበት፤ በዓል በመጣ ቁጥር በግ የሚታረድበት ወለል ነውና፣ በሳሙና ታጥቦ በደንብ ካልደረቀ ያዳልጣል። በዚያ ሳምንት መዝለል ቀርቶ ቆሞ የሚሠራ ብቻ ማሠራት ነው።

ሯጮቹ ዘንድ ደግሞ አብሮነቱ የበለጠ የጠበቀ ነው። በእንጦጦ ባሕር ዛፍና በሱሉልታ ሜዳ የሚሮጥ ቡድን በአንድ መስመር ይሰለፋል፤ ከፊት ያለው ፍጥነቱን ይመራል፣ ከኋላ ያለው ዓይኑን ከፊቱ ካለው እግር ላይ አያነሣም። መምራቱ በየተራ ነው፤ ሁልጊዜ ከኋላ ተጣብቆ የሚጨርስ፣ መጨረሻ ላይ ብቻ የሚፈተለክ ሰው ይገሠጻል፣ የሌላውን ጉልበት እንደበላ ይቆጠራል። ማይክል ክሮውሊ የተባለ እንግሊዛዊ አንትሮፖሎጂስት በአዲስ አበባ ከሯጮች ጋር ከአንድ ዓመት በላይ አብሮ እየሮጠ አጥንቷል፤ ካየው ውስጥ ዋናው ነገር ብቻውን የሚሠራ ሯጭ እዚህ በጥርጣሬ እንደሚታይ ነው። በጊደንስ መነጽር ብቻ ለሚያይ ሰው ይህ አይታይም። ገላ የግል ሥራ ተደርጎ በማይታይበት ሜዳ ላይ «ራስን ማምለክ» መፈለግ ነው የሚሆነው።

ሥራ ራሱ ስፖርት ነው ስለተባለው

ይህ ነጥብ ከሁሉም በላይ ጉዳት ሊያደርስ ስለሚችል ሰፋ አድርገን እንመልሳለን። እውነት የሆነ ጫፍ አለው። ብሪታኒያዊው የሕክምና ተመራማሪ ጄሪ ሞሪስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1953 ባወጡት ጥናት፣ በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ ቀኑን ሙሉ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ትኬት ቆራጮች፣ ተቀምጠው ከሚውሉት ሾፌሮች ያነሰ የልብ ሕመም እንደሚያገኛቸው አሳዩ። ስለዚህ ሥራ ጤና ሊሰጥ ይችላል። ግን ሥራው ምን ዓይነት ነው?

ከዴንማርክ የመጡ ጥናቶች ሌላውን ጫፍ አሳይተዋል። አንድሬያስ ሆልተርማንና ባልደረቦቹ ከ100,000 በላይ የኮፐንሃገን ነዋሪዎችን መረጃ ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት፣ በትርፍ ሰዓት የሚደረግ እንቅስቃሴ የልብ ሕመምንና ሞትን ሲቀንስ፣ ከባድ የጉልበት ሥራ ግን አደጋውን ከፍ ከማድረግ ጋር ተያይዞ ተገኘ። የሚሰጡት ምክንያት ለገላን ወይም ለኮዬ ፈጬ የግንባታ ሠራተኛ ባዕድ አይሆንበትም። ሥራው ለ8 እና ለ10 ሰዓት ስለሚዘልቅ ልብ በቂ ፋታ አያገኝም። ከባድ ዕቃ ተሸክሞ መቆም የደም ግፊትን ከፍ አድርጎ ያቆየዋል። ዕረፍት የሚወሰነው በሠራተኛው ሳይሆን በፎርማኑ ነው። ጉልበቱ ሳይመለስ ነገም ያው ሥራ ይጠብቀዋል።

50 ኪሎ ሲሚንቶ በአንድ ትከሻ ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ የቀን ሠራተኛ አንድ ጎኑ ብቻ ይሠራል። ባሬላ ሁለት ሰው ይዞት ሲሄድ ከኋላ ያለው ፊቱን አያይም፤ ሸክሙን በወገቡ አጠፍ ብሎ ነው የሚከተለው። ከእንጦጦ ከ30 ኪሎ በላይ እንጨት ጀርባዋ ላይ አዝላ ቁልቁል የምትወርድ ሴት ጉልበቷ የሚጎዳው በዳገቱ ሳይሆን በቁልቁለቱ ነው። ለእነዚህ ሰዎች «ሥራችሁ ስፖርት ነው» ማለት ድካማቸውን ማሞገስ ሊመስል ይችላል፤ ለጤናቸው ግን ምንም አይጨምርም። ጂም ሲመጡ የሚያስፈልጋቸው ተጨማሪ ሸክም አይደለም። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከ30 ደቂቃ ያልበለጠ፣ ሥራ በማይበዛበት ቀን፦ ወደ ራስ የሚጎተት እንቅስቃሴ፣ የማይጠቀሙበትን ጎን ለብቻው ማሠራት፣ የሆድና የወገብ ዙሪያን የሚያጠነክር በክርን የሚቆም ፕላንክ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ዝግ ያለ የእግር ጉዞ። አዲስ አሠልጣኝ የሚሳሳተው የሠራተኛውን ክንድ አይቶ ጠንካራ ነው ብሎ በመጀመሪያው ቀን ስለሚጭንበት ነው፤ በሁለተኛው ቀን ወገቡን ይዞ ይቀራል፣ የቀን ገቢውም አብሮ ይቀራል።

10,000 እርምጃ የሚለው ቁጥር ደግሞ ከሐኪም የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ የተወረሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ በአረጋውያን ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት በበኩሉ የሞት አደጋ እስከ 7,500 እርምጃ ገደማ ከቀነሰ በኋላ ከዚያ በላይ ብዙም እንደማይለወጥ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ምክር በእርምጃ አይቆጥርም፤ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በዚያ ላይ ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይላል። መራመድ ሁለተኛውን አይተካም። ከቤት እስከ ታክሲ ተራ ፈጠን ብሎ 15 ደቂቃ የሚሄድና የሚመለስ ሰው በአምስት የሥራ ቀን 150 ደቂቃውን ይሞላል፤ የሚጎድለው ጡንቻው ነው፤ ለዚያ ነው የሲሚንቶው ጣሳ።

በነገራችን ላይ ስልክ ላይ ያለውን የፍጥነት ሰንጠረዥ ማመን እዚህ አይሠራም። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ሱሉልታ ወደ 2,700 ሜትር ስለሆነ ከዚያም ያንሳል። ያው ፍጥነት እዚህ ልብን የበለጠ ያስሮጣል። ጀማሪ እየሮጠ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻለ ፍጥነቱ በዝቷል፤ ስልኩ ምንም ቢል።

ጾምና ጡንቻ

ጸሐፊው ወጣቱ ለፕሮቲን ሲል ጾሙን ተወ ይላሉ። የተወ ካለ ምክንያቱ ሌላ ይሆናል፤ ስሌቱ አያስገድደውም። ክብደት የሚያነሣ ሰው ለጡንቻው በቀን በኪሎ 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይበቃዋል። 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው 104 ግራም ማለት ነው። በጾም ቀን፦ 150 ግራም ጥሬ ምስር ሲቀቀል ወደ 37 ግራም ይሰጣል፤ 100 ግራም የሽሮ ዱቄት ወደ 20፤ 200 ግራም የጤፍ ዱቄት በእንጀራ መልክ 26፤ 80 ግራም በሶ 9 ገደማ፤ 50 ግራም ኦቾሎኒ 13። ድምሩ 105 ነው። የእህሉ ፕሮቲን ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፣ ጥራጥሬው ደግሞ ይህ ሞልቶታል፤ እንጀራ በሽሮ ራሱን የቻለ መልስ ነው። ከእንስሳ ብቻ የሚገኘው ቫይታሚን ቢ12 ለዓመታት የሚበቃ ክምችት በሰውነት ውስጥ ስላለው በሁዳዴ 55 ቀን አያልቅም።

የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ጠዋት ከባድ ብረት ካነሣ ጡንቻው የሚጠገንበት ምግብ ለረጅም ሰዓት አያገኝም፤ ውኃም የማይጠጣ ከሆነ ያዞረዋል። ስለዚህ በሁዳዴ ብረቱ ወደ ማታ 12 ሰዓት ይዛወራል፣ ጠዋት ቀላል ማፍታታት ብቻ ይሆናል። ሌላው ስሕተት ጾሙን ፈትቶ ሽሮና ምስር በልቶ ወዲያው መሮጥ ነው፤ ሆድ ይነፋል፣ ጎን ይወጋል። ሁለት ሰዓት መጠበቅ ነው። ቡናና ሻይም ከምግቡ ጋር ሳይሆን ከአንድ ሰዓት በኋላ ቢሆን ከምስሩ የሚገኘው ብረት ንጥረ ነገር ይተርፋል።

ከጾሙ ይልቅ ማንነትን የሚፈትነው ገበታው ነው፤ ይህን ጸሐፊው ሳያነሡት ማለፋቸው ያስገርማል። የምግብ መቁጠሪያዎች ሁሉ የተሠሩት ለብቻው ሳህን ለሚበላ ሰው ነው። በአንድ ትሪ ላይ አራት ሰው ሲበላ ማን ስንት ግራም በላ? ጉርሻስ በየትኛው ሳጥን ይሞላል? ለብቻው ሳህን ይምጣልኝ ያለ ሰው ከማዕዱ ተነጠለ፤ ያልተነጠለ መቁጠር አይችልም። ልምድ ያላቸው መሐል መንገድ አግኝተዋል። ዘግየት ብለው ይጀምራሉ፤ እንጀራውን በትንሹ ቆርሰው ወጡን ያበዛሉ፤ ጎመኑና ሰላጣው ባለበት በኩል ይቀመጣሉ፤ የሚቆጥሩትም በትሪው ሳይሆን በሳምንት አንዴ፣ በያው ሚዛን፣ በያው ልብስ ነው። «ብላ እንጂ! ምነው ተኳረፍን?» ሲባል አንድ ጉርሻ ተቀብሎ አንድ ማጉረስ ይቻላል፤ ሁለተኛው ጉርሻ ግን የግድ ነው፣ አንዱ ያጣላል ተብሏልና። እዚህ ላይ ሸንቃጣ መሆንና ቤተሰብ መሆን በአንድ ትሪ ላይ ይደራደራሉ።

ስለ ፎቶው

በሶሺዮሎጂ ምሁሩ በኤርቪንግ ጎፍማን ሐሳብ ካየነው፣ ሰው በሰው ፊት የሚያሳየው ገጽ ሁሉ ተዘጋጅቶ የሚቀርብ ነው፤ ከመድረኩ ጀርባ ሌላ ሕይወት አለው። እሱ ይህን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ፣ ስልክ ገና ካሜራ ሳይኖረው ነው። ለሠርግ የሚነሡትን ፎቶ ማን ውሸት ይለዋል? በጂም መስታወት ፊት የሚነሡትም ከዚያ የተለየ ወንጀል አልሠሩም። ይለፍ።

ጸሐፊው ልክ የሆኑበት

ሁለት ቦታ ትክክል ናቸው። አንደኛው ዱቄቱ ነው። ማኅተሙ ከተነሣ ዕቃ ወጥቶ በፌስታል ተመዝኖ የሚሸጥ ዱቄት ውስጥ ምን እንዳለ ሻጩም አያውቅም፤ ማኅተም የሌለው፣ የአገልግሎት ጊዜው የማይነበብ ነገር አለመግዛት ነው። በወር ለዱቄት የሚወጣው ገንዘብ በምስርና በእንቁላል ቢቆጠር ብዙ ፕሮቲን ይገዛል። ሁለተኛው አሳፋሪው ንግግር ነው፤ «ቦርጭ ያለው ሰነፍ ነው» የሚል አሠልጣኝ አለ። ሮበርት ክሮውፎርድ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1980 ይህንኑ ዝንባሌ ተችቷል፤ ጤናን የግለሰብ ጨዋነት መለኪያ ማድረግ የመኖሪያውን፣ የሥራውንና የገቢውን ድርሻ ይደብቃል። ቀኑን በታክሲ ወንበር፣ ምሽቱን በሰልፍ የሚጨርስ ሰው ቦርጭ የስንፍና ሳይሆን የመንገዱ ርዝመት ውጤት ሊሆን ይችላል። ግን ጸሐፊውም ያው ስሕተት ውስጥ ወድቀዋል፤ አሠልጣኙ የማይሠራውን በስንፍና ሲከስ፣ እሳቸው የሚሠራውን በራስ ወዳድነት ከሰሱት።

ጂሞቹ ይዘጉ ስለተባለው

ቅሬታው ድምፅ ነው፣ ቅሬታውም እውነት ነው። ብረት ሲጣል የሚሰማው በአየር ብቻ አይደለም፤ በኮለኑና በግድግዳው ወጥቶ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሕፃን ይቀሰቅሳል። መድኃኒቱ ግን መዝጋት አይደለም። ከባድ ብረት መሬት ላይ በተነጠፈ ወለል ላይ ብቻ ይሁን፣ ከሥሩ ባዶ ክፍል ባለበት ወለል ላይ በጭራሽ። ከብረቱ በታች ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ በሁለት ንጣፍ ይነጠፍ፣ በላዩ ጣውላ፣ በጣውላው ላይ እንደገና ላስቲክ፤ ንጣፉ ግድግዳውን እንዳይነካ ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ይተው፣ አለበለዚያ ንዝረቱ በዚያ በኩል ያልፋል። የሙዚቃው ስፒከር በግድግዳ ላይ አይሰቀል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት በፊትና ከማታ 3 ሰዓት በኋላ ብረት አይጣል። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የቤት ባለቤቶች ማኅበር እንዲኖር ያደረገው እንዲህ ያለውን ጉዳይ ነዋሪው ራሱ ተሰብስቦ እንዲወስን ነው። ማኅበሩ እነዚህን በጽሑፍ ለጂሙ ባለቤት ይስጥ፣ ለማስተካከያ አንድ ወር ይስጠው፣ ከዚያ ከላይ ያሉት ሦስት ቤቶች በር ይንኳኳና ይጠየቁ። አሁንም አልተኛንም ካሉ ያኔ ይዘጋ።